ሊያስፈርመኝ የነበረው አረም

በአማርኛ ቅንጨ አረም ይባላል። እኛ በምንኖርበት በመቂ ዙሪያ ግን ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ፋራምሲሳ ይሉታል፤ «የሚያስፈርም» እንደማለት ነው። ማሳህን አንዴ ከያዘው መሬትህን ፈርመህ ለሌላ ታስረክባለህ ለማለት ያወጡለት ስም ነው። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የገባኝ ግን በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሆስፒታል ተኝቼ፣ ዓይኔ አብጦ አልገለጥ ባለኝ ሰዓት፣ ከአልጋዬ አጠገብ የኮንትራት ወረቀት ኮሽታ በሰማሁ ጊዜ ነው። የምመሰክረው እዚያ ያደረሰኝን መንገድና ከዚያ ያወጣኝን ነገር ነው።

ከባለቤቴ ጋር ግማሽ ሄክታር መሬት አለን። ከዝዋይ ሐይቅ ውኃ በሞተር እየሳብን፣ በቦይ እየለቀቅን ቲማቲም እናለማለን። ጥቅምት ላይ ችግኙን ከመደብ አንስተን በመስመር እንተክላለን፤ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ሜትር፣ በችግኝና በችግኝ መካከል ሠላሳ ሳንቲ ሜትር። ጥር ሲገባ ሣጥን ይደረደራል፣ ደላላው ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የአረም ጊዜ ነው። ችግኝ ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስትና ስድስት ሳምንታት አረም ከቀደመው ቲማቲሙ ከዚያ ወዲያ ቢታረምለትም እንደ ልቡ አያገግምም።

ያቺ በመስመሮቹ መካከል ያለች አንድ ሜትር ባዶ አፈር ነበረች። ውኃ በለቀቅን ቁጥር አሉማው፣ ሰርዶው፣ እንግጫው፣ ፋራምሲሳው ይፈላባታል። አርመን ከወዲያኛው ጫፍ ስንደርስ የጀመርንበት ጫፍ እንደገና ለምልሟል። በመድኃኒት አትገላገሉትም ወይ የሚል አይጠፋም። ለጤፍና ለስንዴ የምንረጨው ቱ ፎር ዲ ግን ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ነው የሚመታው፤ ቲማቲም ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። ጤፍ የተረጨበት የጀርባ መርጫ በደንብ ሳይታጠብ ቲማቲም ላይ ውሎ ማሳው ሙሉ ቅጠሉ እንደ ገመድ ሲጠማዘዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያለን እጃችንና መኮትኮቻው ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት የቀን ሠራተኛ ተወደደ። ሁሉም ማሳ በአንድ ሳምንት አረመኝ ስለሚል፣ ሠራተኛው ወደ ተሻለ ከፋይ ይሄዳል። ለናፍጣና ለዘር ተበድረን ስለነበር ሌላ ብድር መጨመር ፈራን። ባለቤቴ ሞተሩን ሲጠብቅ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ፋራምሲሳው ጉልበቴ ድረስ ደርሶ ነጭ አበባውን አውጥቷል። በባዶ እጄ ከሥሩ እየነቀልኩ አቅፌ ወደ ዳር እጥላለሁ። ያን ሰሞን ስንት እቅፍ እንደተሸከምኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

መጀመሪያ የእጄ አንጓ አሳከከኝ። ፀሐይ ነው ብዬ ቫዝሊን ቀባሁት። ከዚያ ክርኔ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ፤ ቀጥሎ አንገቴ፣ ቀጥሎ የዓይኔ ቆብ። ጎረቤቴ «ተይው፣ ዕረፊ» ስትለኝ «ሁለት መስመር ብቻ ቀረኝ» እያልኩ አራት ቀን ጨመርኩ። በአምስተኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ስባንን አየሩ አልገባ አለኝ። ትንፋሼ ያፏጫል። ተቀምጬ አልሻል አለኝ፣ ቆሜም አልሻል አለኝ። ባለቤቴ በነጠላ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ሲያወጣኝ ልጆቼን ዞሬ ለማየት ሞከርኩ፤ ዓይኔ ግን ተደፍኗል። ድምፃቸውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። በሕይወቴ ለሞት እጅግ የቀረብኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ መርፌ ወጉኝ። ሲነጋ ሐኪሙ እጄን ገልብጦ አየና «ምን ሲነቅሉ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ጣቶቼ ገና አረንጓዴ ነበሩ። በዚህ አረም ውስጥ ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር እንዳለ፣ የአበባውን ዱቄት ሲተነፍሱት አስም እንደሚያስነሣ፣ ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት ደግሞ በቀጣዩ ጊዜ እየባሰ እንደሚሄድ አስረዳኝ። «ወደዚያ ማሳ እንደዚህ ሆነው ቢመለሱ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ላይደርሱልን ይችላሉ» አለኝ።

ወረቀቱ የመጣው በዚያው ቀን ማታ ነው። የሕክምናው ወጪ ከነበረው ብድር ጋር ተደምሮ ባለቤቴን አስጨንቆታል። መሬታችንን ለሦስት ዓመት በኮንትራት የሚይዝ፣ ገንዘቡንም አሁኑኑ የሚከፍል ሰው አግኝቷል። የሁለታችን ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። «ለአንቺ ብዬ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እስክሪብቶውን በጣቶቼ መካከል ሲያደርገው ፋራምሲሳ የሚለው ስም ትዝ አለኝ። «የማላየው ወረቀት ላይ አልፈርምም። ዓይኔ ይገለጥና አንብቤ እወስናለሁ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት የእቁብ ጓደኞቼን ነው። ያለ ዕጣ ብሩን ለእኔ ወስነው ይዘውልኝ መጥተዋል። ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ገባ።

የዚያ ዓመት ቲማቲም በአረም ተውጦ ቀረ። የተለቀመው ለናፍጣው ዕዳ እንኳ አልበቃም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ ወር ያህል ካለፈ በኋላ የቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ጭንቀቴን ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ አረሙን ብቻ እያዩት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ባዶው አፈር ነው። መሬት ራቁቷን አትኖርም፤ እርስዎ ካላለበሷት ፋራምሲሳ ያለብሳታል።» አንድ የፋራምሲሳ እግር እስከ 25 ሺህ ዘር ሊጥል እንደሚችል፣ እኛ በኮተኮትን ቁጥር የተቀበረውን ዘር ወደ ብርሃን እያወጣን እንደገና እንደምናበቅለው አስረዳችኝ። ስንት ዓመት ያረምኩ መስሎኝ የዘራሁ መሆኔ ገባኝ።

ሰኔ ላይ የላብላብ ዘር ከመኖ ልማት በኩል አግኝታ ሰጠችን። ላብላብ እንደ ባቄላና ቦሎቄ የጥራጥሬ ወገን ነው፤ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል፣ ሐረጉም መሬት ላይ ይንሰራፋል። በግማሹ ማሳ ላይ በክረምቱ ዝናብ ዘራነው። ነሐሴ ላይ ከሐረጉ ሥር አፈሩ አይታይም ነበር። ባለቤቴ ለበሬዎቹ ሊያጭደው ፈለገ፤ ተከራክረን የዳሩን ለበሬ፣ የመካከሉን ለመሬት ከፈልነው። መስከረም መጨረሻ ላይ አበባ ሲይዝ፣ ዘር ሳያስር፣ ከሥሩ አጭደን እዚያው አነጠፍነው። የሳሳበት ቦታ ላይ የጤፍ ጭድ ጨመርን። ጥቅምት ላይ ሳናርስ፣ ምንጣፉን በእንጨት እየፈለቀቅን ችግኙን ተከልን። ሌላውን ግማሽ እንደ ድሮው አርሰን ተከልን፤ ጓንት የለበሱ ሠራተኞችም ኮተኮቱት።

እኔ አፌን በነጠላ ሸፍኜ በዳር ሆኜ ሁለቱን አስተያየሁ። በባዶው በኩል እስከ መጀመሪያው ለቀማ ሦስት ጊዜ ታረመ። በተሸፈነው በኩል አንድ ጊዜ ተለቀመ፤ ያውም እዚህም እዚያም ብቅ ያለውን። በአንዱ ቀን ምንጣፉን በዱላ ገለጥ አድርጌ አየሁ። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ የዝናብ ሽታ አለው፣ የምድር ትል ይላወሳል። በቅሎ ብርሃን ያጣ የአረም ቡቃያ እንደ ክር ቀጥኖና ቢጫ ሆኖ ተጋድሟል። ያን ሳይ አለቀስኩ፤ ከእኔ ትንፋሽ ይልቅ የእሱ ትንፋሽ አጠረ አልኩ። ውኃውም ቆየ፤ በባዶው በኩል በአራተኛው ቀን የምንለቀውን በተሸፈነው በኩል በስድስተኛው እንለቅ ነበር። ውኃ ጭቃ ወደ ቅጠሉ ስለማይረጭ የታችኛው ቅጠል ቶሎ አልነደደም፣ መሬት የነካው ፍሬም አልበሰበሰም።

እውነቱን ሁሉ ልናገር። እንግጫ በዚህ አይሸነፍም፤ ከመሬት በታች ባለው ፍሬው ስንቅ እየታገዘ ምንጣፉን እንደ መርፌ ወግቶ ይወጣል። ጭድ ምስጥና አይጥ ይጠራል። ገና ያልበሰበሰ ጭድ የበዛበት ቦታ ችግኛችን ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ጭዱ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማው ነው። የተሸፈነ አፈር ቀዝቀዝ ስለሚል የባዶው በኩል ፍሬ ቀድሞ ቀላ፣ የመጀመሪያውንም ዋጋ አገኘ። የተሸፈነው ግን ሌላው ከደረቀ በኋላ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ሲሰጥ ቆየ። የልማት ሠራተኛዋ ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል አረፍ አብዱልባቂና ጆን ቲስዴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቬች የተባለውን የመኖ ሐረግ እያጨዱ በላዩ ላይ ቲማቲም ተክለው ነበር። አፈሩ በጥቁር ፕላስቲክ የተሸፈነው ቲማቲም ቀድሞ ቢደርስም በቬች የተሸፈነው ብዙ ሰጠ፣ ልምላሜውም ቆየ።

ከዚያ ወዲህ መሬታችንን ራቁቷን አልተውናትም። ፋራምሲሳ ከመንገዱ ዳር ዛሬም ይመጣል፤ ባለቤቴ ጓንት ለብሶ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ሳያብብ ይነቅለዋል። እኔ እስከ ዛሬ አልነካውም። ያ የኮንትራት ወረቀት ሣጥናችን ውስጥ አለ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

እህቶቼ፣ በየማሳው አረም የምትነቅሉ፣ በተለይ እናንተን እለምናችኋለሁ። የእጃችሁን ማሳከክ ፀሐይ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሰኔ ሲመጣ ከማሳችሁ አንዲት ጥግ ለላብላብ ስጡና ራሳችሁ አይታችሁ ፍረዱ። እጃችሁን ግን ሰኔን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሸፍኑ።