ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰካው ትንሽ ሳጥን

ሳሎንዎ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ምስሉ ጥሩ ከሆነ አይቀይሩት። ስድስት ሰባት ዓመት ባገለገለ «ስማርት» ቲቪ ላይ መጀመሪያ የሚያረጀው ስክሪኑ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። ዩቲዩብ ለመክፈት ያንገራግራል፣ አንዳንዱ አፕ ጨርሶ መሥራት ያቆማል፣ አምራቹም አሮጌውን ሞዴል ማደስ ይተዋል። ስክሪኑ ግን ገና ብዙ ይሄዳል። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ እስካለው ድረስ፣ ከአዲስ ቲቪ ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ አንዲት ሳጥን ወይም ስቲክ ሰክተው ሥራውን ማስቀጠል ይችላሉ።

ጥያቄው «የቷን?» የሚለው ነው። መርካቶም ይሂዱ ቦሌ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣልዎ ካርቶኑ ላይ «8ኬ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ነው። የራሙ ብዛት፣ የማከማቻው ስፋት፣ አብረው የተጫኑት አፖች ይዘረዘሩልዎታል። ዋጋውም ደስ ይላል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ካርቶኑ የማይነግርዎ ነገር አለና።

ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ፊልማቸው እንዳይቀዳባቸው ዋይድቫይን የተባለ የጉግል መቆለፊያ ይጠቀማሉ። መቆለፊያው ደረጃ አለው። ከፍተኛው ኤል1፣ ዝቅተኛው ኤል3 ይባላል። ኤል3 ብቻ ያለው ሳጥን ኔትፍሊክስን ቢከፍትም የሚደርሰው ምስል 480ፒ ገደማ፣ ማለትም የድሮው ዲቪዲ ዓይነት ጥራት ነው። ሳጥኑ ፈጣን ቢሆን፣ ኢንተርኔትዎም ቢፈጥን ለውጥ የለውም። ሪሞቱ ላይ የኔትፍሊክስ ቁልፍ መኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቁልፍ ማተም ለማን ይከብዳል?

መለየት ግን ይቻላል። ሻጩ ሳጥኑን ሰክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የመነሻ ገጹ ጉግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ከሆነ፣ ማለትም ለሪሞት ተብሎ የተሠራ ከሆነ፣ ጥሩ ምልክት ነው። የስልክ ገጽ ተጎትቶ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈ ከመሰለ ግን ይጠርጥሩ። የኔትፍሊክስ አካውንት ካለዎት ደግሞ መፈለጊያው ላይ «ቴስት ፓተርንስ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ኩባንያው ራሱ ያስቀመጠው መሞከሪያ ነው፣ ምስሉ በስንት ጥራት እየመጣ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ በቁጥር ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ በእኛ ቤት ኔትፍሊክስ ከሚከፈትበት ቀን የማይከፈትበት ይበልጣል። እናቴ ስብከትና መዝሙር፣ ልጆቹ ካርቱን፣ እኔና ባለቤቴ የአገር ውስጥ ድራማ የምናየው ዩቲዩብ ላይ ነው። የእርስዎም ቤት እንደዚሁ ከሆነ ዋናው ጉዳይ መቆለፊያው ሳይሆን ሳጥኑ የቪዲዮውን አጨማመቅ መፍታት መቻሉ ነው። ዩቲዩብ ከ1080ፒ በላይ ያለውን ጥራት የሚልከው ቪፒ9 እና ኤቪ1 በተባሉ ዘዴዎች ነውና፣ ሲገዙ እነዚህን ሁለት ስሞች ይጠይቁ። ፊልም በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ የሚያመጣ ዘመድ ካለዎት ደግሞ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ይሁን፣ ኤች265 የሚያነብ ይሁን። ፍላሹ ፋት32 በተባለው መንገድ ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ጥፋቱ የሳጥኑ እንዳይመስልዎ።

ለመሆኑ 4ኬ ያስፈልግዎታል? ቲቪዎ 43 ኢንች ከሆነና ሶፋው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ከተቀመጠ፣ በ4ኬ እና በ1080ፒ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን ለይቶ ማየት ያዳግተዋል። ኢንተርኔቱ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ 5 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። በመጠን ሲታይ 4ኬ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል፣ ኤችዲ እስከ 3። የሁለት ሰዓት ፊልም ማለት 14 ጊጋባይት ነው። የቤትዎ ኢንተርኔት ገደብ የሌለው ከሆነ ግድ የለም፤ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ቤት ግን ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ጥራቱን መወሰን አለበት።

ምስሉ ከተቆራረጠ ሳጥኑን ከመውቀስዎ በፊት ራውተሩ የት እንዳለ ይዩ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ከ2.4 ይደክማል። ቢቻል ገመድ ይዘርጉ። ርካሽ ሳጥኖች የገመድ መሰኪያቸው ብዙ ጊዜ በ100 ሜጋቢት የተገደበ ነው፤ ለፊልም ግን ከበቂ በላይ ነው። ስቲኩን ከቲቪው ዩኤስቢ ላይ መብራት ማስጠጣትም አይመከርም። ብዙ ቲቪ ከዚያ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ስቲኩ በፊልሙ መሃል ራሱን አጥፍቶ ሊያበራ ይችላል። አብሮት በመጣው ቻርጀር ይጠቀሙ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የደኅንነት ተመራማሪዎች ቲ95 በሚል ስም ከሚሸጡት ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ ከፋብሪካው ጀምሮ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የተጫነባቸው አገኙ። በ2025 ሰኔ ላይ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለ እንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የሰው ቤት ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መሸጋገሪያ እየሆነ ነው አለ። ይህን ያነሣሁት ላስፈራራዎ አይደለም። ነገር ግን ያቺ ሳጥን የምትገናኘው የባንክ አፕ ያለበት ስልክዎና የልጅዎ ታብሌት ከሚጠቀሙበት ዋይፋይ ጋር ነው። «ክፍያ የለውም፣ ሁሉም ቻናል ነፃ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ሳጥን፣ እኔ በነፃም ቢሰጡኝ ቤቴ አላስገባም። የታወቀ ስም ያለው የሻኦሚ፣ የጉግል ወይም የአማዞን ሳጥን ወይም ስቲክ ትንሽ ጨምረው መግዛት ይሻላል። ገንዘቡ ከጠበበ ራም የሚያንሰውን ይምረጡ እንጂ ስም አልባውን አይምረጡ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል መጻፉን ያረጋግጥልዎ፤ ከሌለው የእኛ 220 ያቃጥለዋል። የሶኬቱ ቅርጽ በአዳፕተር ይፈታል።

ሲደርስ መጀመሪያ የሚሠራው የልጆቹን ፕሮፋይል ከፍቶ የአዋቂውን በፒን መቆለፍ ነው፤ አንዴ ካርቱኑ ከተጀመረ ማን ያስነሣዎታል! እናቴን በሚመለከት የቀረው ሥራ ሪሞቱ ነበር። ለእሷ የሚያስፈልጓትን ሦስት ቁልፎች ብቻ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግንባቸው። የቀረውን ስብከት እህቴ ከስልኳ ፈልጋ ወደ ቲቪው ትልክላታለች።