ኬኩን ጋገርኩ፤ አልቀመስኩም!

የአማትና የምራት ነገር የእኛ አገር ጉድ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሃንጋሪዎች መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? «የአማት ወንበር»! ለትምህርት ቡዳፔስት መጥቼ፣ ትዳር ይዤ እዚሁ ከቀረሁ ወዲህ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። የእኔ አማት ግን የሚሳቅባቸው ሴት አልነበሩም።

ክፉ ናቸው አላልኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ደግ ቃልም እንደዚያው። የሚኖሩት ከቡዳፔስት 90 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኬችኬሜት ከተማ ነው። ስንሄድ ሾርባውን ያቀርባሉ፣ ሥጋውን ያቀርባሉ፣ «ጠገቡ?» ይሉኝና ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ያዞራሉ። አዎ፣ «ጠገቡ?» ነው ያልኩት! የሃንጋሪ ቋንቋም እንደ እኛው አንተና አንቱ አለው። አንቱታውን የሚያነሳው ደግሞ ታላቅ ነው፤ ታላቅየው «በቃ አንቺ በይኝ» ካላለ ታናሽ አይደፍርም። እኔ እሳቸውን አንቱ ማለት ምን ይከብደኛል? ሐበሻ ነኝ። የከበደኝ እሳቸው እኔን አንቱ ማለታቸው ነው። በአማት ቤት እንደ ባንክ ቤት ደንበኛ አንቱ መባል እንዴት እንደሚበርድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ታዲያ ሽማግሌ ሆኖ በመካከላችን የገባው አንድ አሮጌ ደብተር ነው። ደብተሩ የባለቤቴ አያት፣ ማለትም የአማቴ እናት ነበር። ሴትየዋ ካረፉ ቆይተዋል። ገጾቹ ቅባት ጠጥተዋል፣ ቀለሙ ደብዝዟል። ባለቤቴ አንድ ቀን ከመሳቢያ አወጣውና «ለገና ዠርቦ አማረኝ» አለኝ። አማቴ እጃቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ መዳመጫ አልጨበጡም፤ ስለዚህ ያ ኬክ ከቤቱ ከጠፋ ሰንብቷል።

ስሙ የሰው ስም ነው። ኤሚል ዠርቦ ከጄኔቭ የመጣ ስዊዘርላንዳዊ ኬክ ሠሪ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1884 ቡዳፔስት ገብቶ የኩግለርን ኬክ ቤት ያዘ። ቤቱ ዛሬም ቮሮሽማርቲ አደባባይ ላይ ቱሪስት ሲያስተናግድ ይውላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተወርሶ (መወረስ ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም) ስሙም ተቀይሮ ነበር። የዠርቦ ስም የተመለሰለት በ1984 ነው። እሱ የሀብታሙ ቦታ ነው። በየቤቱ ለገና የሚጋገረው ዠርቦ ግን የእናቶች ነው። ሊጡ እርሾ አለው፤ ሆኖም ቅባቱ ስለሚበዛ እንደ ዳቦ አይነፋም፣ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል እንጂ። ስስ ተደርጎ ተዳምጦ ይነጠፋል፤ በየንጣፉ መካከል ማርማላታ ይቀባል፣ ከስኳር ጋር የተፈጨ ዋልነት ይነሰነሳል። ከላይ ጥቁር ቸኮላት ይለብሳል።

አሁን ደብተሩን ልክፈትላችሁ። «ዱቄት 50 ዴካ፣ አንድ ራማ፣ እርሾ 2 ዴካ፣ አንድ እንቁላል፣ ሶዳ በቢላ ጫፍ፣ ወተት ሊጡ የሚጠጣውን ያህል። ማርማላታ። ዋልነትና ስኳር እኩል። በሞቀ ምድጃ ይጋገር።» አለቀ!

ዴካው አላስቸገረኝም። አንድ ዴካ 10 ግራም ነው፤ እዚህ ሱቅ ገብታችሁ ሥጋ ስትገዙም «20 ዴካ ስጠኝ» ነው የሚባለው። ራማው ግን! እኛ አገር ራማ ከሰማያት አንዱ ነው፤ ሰማይ ኬክ ውስጥ ምን ይሠራል? ለካስ የማርጋሪን ስም ኖሯል። እሽጉ 25 ዴካ ስለሆነ ባለሙያዎቹ ሚዛን ሳያወጡ «አንድ ራማ» ብለው ይጽፉ ነበር። እሺ፣ ይሄም ተፈታ። ስንት ንጣፍ? የምን ማርማላታ? ስንት ደቂቃ? ደብተሩ ዝም። ሴትየዋ የጻፉት ለራሳቸው ነዋ! የሚያውቁትን ለምን ይጽፋሉ?

ባለቤቴ «ምን አስጨነቀሽ፣ ስልክሽ ላይ እዪው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቪዲዮው መዓት ነው። ግን የመቶ ሰው ዠርቦ አይቼ የሱን አያት ዠርቦ ከየት አመጣለሁ? የሚያውቀው ሰው ኬችኬሜት ቁጭ ብሎ ሳለ! ስልኩን አነሳሁና ደወልኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለብቻችን ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር።

«ወተቱ ስንት ነው?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ሊጡ እንደ ጆሮዎ ጫፍ ሲለሰልስ ወተቱን ይተዉት» አሉኝ። የማርማላታውን ስጠይቅ ደግሞ ድምፃቸው ተለወጠ። «የሱቁን እንዳያስገቡት! ይፈሳል!» ኬችኬሜት እኮ የአፕሪኮት አገር ናት፤ አፕሪኮት ማለት ኮክ የሚመስል፣ ከኮክ ያነሰ ብርቱካንማ ፍሬ ነው። በማግስቱ የቤት ደወል ሲጮህ ብከፍት አማቴ ናቸው፤ በባቡር መጥተዋል፣ ሁለት ብልቃጥ የገዛ እጃቸው ማርማላታ ታቅፈዋል።

ኩሽና ውስጥ ወንበር ስበው ተቀመጡና ማዘዝ ጀመሩ። ሊጡን አራት ቦታ ከፈልኩት። ስሱን ንጣፍ ሳይቀደድ ለማንሳት መዳመጫው ላይ ጠቅልዬ ትሪው ላይ እንድተረትረው አሳዩኝ፤ በዚያ ጣታቸው ላይ ቁርጥማቱ ቋጥሮ በምልክት ሲያሳዩኝ አንጀቴን በሉት። መጨረሻውን በሹካ ወጋጋሁት፤ በ180 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋገርነው። ሲበርድ ተገለበጠ፤ ታቹ ለጥ ያለ ስለሆነ ቸኮላቱ የሚፈሰው እሱ ላይ ነው። መቁረጥ ደግሞ በማግስቱ ነው፣ ቢላውን ሙቅ ውኃ እየነከሩ። ቢቸኩሉ ቸኮላቱ ይሰነጠቃል።

የነሱ ገና የሚከበረው ታህሳስ 15 ማታ ነው። የእኛ ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15! ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ባለቤቴ ይህን ያውቃል፤ ለእናቱ ግን ነግሯቸው አያውቅም (ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እንደሚረሱ አንድ ቀን ራሱን ችሎ ይጻፍበታል)። ኬኩ ቀረበ። ሁሉም በላ። የእኔ ሳህን ባዶ ነው። አማቴ አዩኝ።

«በገዛ እጅዎ የሠሩትን አይበሉም? የእናቴን ኬክ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። በሦስት ቀን የተሠራው ነገር ሁሉ ሲፈርስ ታየኝ። በተሰባበረ ሃንጋሪኛዬ አስረዳኋቸው፤ ገናችን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሆነ፣ እናቴም አዲስ አበባ እንደምትጾም፣ ስንጋግር ማርማላታ የነካ ጣቴን እንኳ እንዳልላስኩ። ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ብድግ ብለው ኩሽና ገቡ። ተቀየሙ ብዬ ተከትዬ ብገባ የብስኩት ቆርቆሮ ፈልገው ስድስት ቁራጭ ዠርቦ እየደረደሩ ነው። ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፈው «ጃንዋሪ 7» ብለው ጻፉበት፤ ከዚያ በረንዳው ብርድ ላይ አስቀመጡት። «አይበላሽም፣ እንዲያውም ይለሰልሳል» አሉ። ለልጃቸው ደግሞ ጣታቸውን እየቀሰሩ «እንዳትነካው!» አሉት።

በእኛ ገና ዕለት፣ ገና ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ።

«ቀመስሽው?»

አንቺ አሉኝ! ቆርቆሮውን ከፍቼ አንዱን ጎረስኩ፤ እውነትም ለስልሷል፣ ማርማላታው ሊጡ ውስጥ ሰርጓል። አፌ ሞልቶ መልስ መስጠት አቃተኝ። «እንግዲህ አንቺም አንቺ በይኝ» አሉ። አማትን አንቺ? ይኸው እስከ ዛሬ አፌ እምቢ ብሎኛል፤ እሳቸውም በደወልኩ ቁጥር ይቆጡኛል።