ዶሮዋ ምን አጠፋች?

ዛሬ በየጓሯችን ስለምትጭረው ዶሮ ጥቂት እንጨዋወት። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ ከእንቁላል ሽያጭ ጨውና ሳሙና የምትገዛ እናት ቀላል አለመሆኑን ታውቀዋለች።

ዶሮዋ ለጥቂት ሳምንታት ስትጥል ትቆይና ድንገት ታቆማለች። ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች፤ ላባዋን ትነፋለች፤ እጅ ሲቀርባት በመንቁሯ ትወጋለች። ይህን ጊዜ በብዙ ቤት ቅጣት ይጀመራል። አንዱ ቁልቁል ይሰቅላታል፤ ሌላው ውኃ ውስጥ ይነክራታል፤ አፍንጫዋን በላባ የሚወጋም አለ። በመድረሳ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ይህንኑ አይቶ፣ «ኡስታዝ፣ ዶሮዋ ምን አጥፍታ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ለሁላችንም የሚቀርብ ነው።

ዶሮዋ ያጠፋችው የለም። አልሰነፈችም፤ አልታመመችምም። ከአንጎሏ ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን አብዝታ ወደ ደሟ ስትለቅ የመታቀፍ ስሜት ይነሣሣል፤ እንቁላል መጣሉም ይቋረጣል። ለዚህ የሚያነሣሷት ነገሮች አሉ፤ ሙቀት፣ ጨለም ያለ ጎጆ፣ በተለይም ከሥሯ ተጠራቅሞ ደረቷን የሚነካ እንቁላል። ዘርም አለበት። የአገራችን ዶሮ መታቀፍ ትወዳለች። ሌግሆርን የተባለው ዝርያ ግን ለብዙ ዘመን ለዘር የሚመረጡት የማይታቀፉት ስለነበሩ እምብዛም አይታቀፍም፤ ጫጩቱን የሚፈለፍልለት መሣሪያ ነው።

እንግዲህ አስቀድመን የምንፈልገውን እንለይ። የምንፈልገው ጫጩት ከሆነ፣ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ ትኩስ እንቁላል ከ10 እስከ 12 እናስታቅፋት፤ እህልና ውኃም በአቅራቢያዋ እናኑርላት። እርሷም እንቁላሉን እያገላበጠች፣ ለመብላትና ኩሷን ለመጣል በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ እየተነሣች፣ ከሥጋዋ እየጎደለ 21 ቀን ያህል ትቀመጣለች። ይህን ያህል የሚታገሥ ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ከየት ይገኛል?

የምንፈልገው እንቁላል ከሆነ ደግሞ የጣለችውን በየዕለቱ እናንሣ። ከታቀፈች በኋላ ከሆነ፣ ወለሉ ወንፊት በሆነና ከመሬት ከፍ ባለ ነፋሻ ቦታ፣ ጎጆ ሳይኖራት ጥቂት ቀን እናቆያት። መብሏና ውኃዋ ግን አይጓደል። ከሥሯ ንፋስ ሲያገኛት ስሜቱ ይበርዳል። ተመልሳ እስክትጥል ግን ቀናት ያስፈልጓታልና አንቸኩል። የተሰቀለችውም ዶሮ ብትተው፣ ከጎጆዋ ስለራቀች እንጂ ስቃዩ ያስተማራት ነገር ኖሮ አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቿ ተወስደውባት የምትንገላታ ወፍ አይተው፣ ልጆቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን ለልጆቻችን እናስተምራለን። ልጆቻችን ደግሞ ትምህርቱን ከሰሙ በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ዶሮዋ በእግሯ ታስራ ቁልቁል ተንጠልጥላ ያዩአታል። ከሁለቱ የትኛውን ይያዙ?

ውድ አንባቢያን! ዛሬ በጓሯችሁ የታቀፈች ዶሮ ካለች፣ ገመዱን ተውትና መጀመሪያ ከሥሯ ስንት እንቁላል እንዳለ ቁጠሩ።