ከጽድቅ ወገን የቆጠርኩት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሠራተኛ ላይ መጮኼን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ መክረሜን። ይህንን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ደብቄ አይደለም፤ ኃጢአት መሆኑ ስላልታየኝ ነው። እንዲያውም ከጽድቅ ወገን ቆጥሬው ነበር።

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። ጠዋት ፍርፍርና ዱለት፣ ምሳ ላይ ሽሮ፣ በያይነቱና ጥብስ የሚቀርብበት፣ የመርካቶ ሠራተኛ የሚበላበት ቤት ነው። እንደ ሌሎቹ የአካባቢው ቤቶች የእኔም ቤት ትርፍራፊ ማታ ማታ ቡሌ እየተባለ ይሸጥ ነበር። የምትረከበኝ አንዲት ሴት ነበረች። በጓሮ በር ባልዲዎቿን ይዛ ትገባና ከትሪ የተመለሰውን ለብቻ፣ ድስት ውስጥ የቀረውን ለብቻ ትገለብጣለች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ አጥንቱን፣ ሶፍቱን፣ ስቴኪኒውን በጣቷ ትለቅማለች፤ ስቴኪኒውን በተለይ፣ የሰው ጉሮሮ ይወጋል እያለች። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስለማይኖረው ዋጋ ቀንስልኝ፣ አልቀንስም እንባባል ነበር። ትርፍራፊ ላይ መከራከሬ ራሱ ንስሐ የሚያስገባ ነው፤ ለዛሬ ግን ልለፈው።

የምትሸጠው ለወዛደር፣ ለሊስትሮ፣ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ ወርዶ ማደሪያ ላጣ ልጅ ነበር። ለእነሱ እራት ነበር።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ማዕድ ማጋራት የሚለው ነገር በየሰው አፍ ሆነ፤ እኔም ዱቄትና ዘይት ሰጠሁ፣ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። ወረቀቱን በፍሬም አድርጌ ካሸሩ ራስ ላይ ሰቀልኩት። ደንበኞች እያነበቡ «እግዜር ይስጥልን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመስጠቱ ይልቅ ይኼኛው ነው የጣመኝ። ከዚያ ወዲያ ለበዓል ለበዓል ግብዣ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ድንኳን ይተከላል፣ ስሜ ያለበት ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ አንሺ ይጠራል። አንድ ፋሲካ ላይ አንድ ሽማግሌ ካሜራውን ሲያዩ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «አባባ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» አልኳቸው። ቀና አሉ። ሳህኑ ገና እጃቸው አልገባም ነበር፤ ቀና ባይሉ የምከለክላቸው መስሏቸው ይሆናል።

ቡሌውን ያስቆመኝም ይኸው ስም ነው። አንድ ወዳጄ ማታ በጓሮ በር ሲወጣ ባልዲዎቹን አየና «በፊት ለፊት በር ድሀ ታበላለህ፣ በጓሮ በር ትርፍራፊ ትሸጥለታለህ?» አለኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ሴትዮዋን ጠርቼ ከእንግዲህ እንዳትመጣ ነገርኳት።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሰው ትርፍራፊ መብላት የለበትም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ነገ ምን ይብሉ?»

«ለፋሲካ ላኪልኝ» አልኳት። ወሩ ጥር ነበር።

የቡሌ ጠበቃ አይደለሁም። በተለይ ከትሪ የተመለሰው ተቀላቅሎ ሙቀት ላይ ሲውል ይኮመጥጣል፣ ሰው ይታመምበታል። በነፃ ለመስጠት፣ የድስቱን ከትሪው ለይቶ ትኩስ እንዳለ ለማቅረብ ግን የሚከለክለኝ አልነበረም። ሴትዮዋ በሁለት ባልዲ ስትለይ በየማታው አያት አልነበር? ወጪውም ከአንድ ባነር አይበልጥም። እኔ ግን የተጠየፍኩት ቡሌውን ሳይሆን ከስሜ ጋር መነሳቱን ነበር። ስለዚህ ምግቡ በጆንያ እየሆነ ከቆሻሻ ጋር ይወጣ ጀመር። መጋቢት 2009 ላይ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ክምሩ ላይ እየለቀመ የሚኖር ሰው መኖሩን ሰምቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ተረስቶኝ ድንችና ጎመን ቆሻሻ መኪና ላይ እጭን ነበር።

አንድ ማታ እቃ አጣቢያችን በነጠላዋ ሥር ፌስታል ይዛ ስትወጣ ያዝኳት። ሌባ ያገኘሁ መስሎኝ በሠራተኛ ፊት አስፈታኋት። የአልጫ ድንች፣ ትንሽ ጎመን፣ የእንጀራ ጠርዝ። «ሴትዮዋን ፍለጋ አሁንም የሚመጡ ልጆች አሉ» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። ለካ እኔ በፊት ለፊት በር ስወጣ፣ ልጆቹ በጓሮ በኩል ቆመው ይጠብቁ ኖሯል። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ «ሁለተኛ ሳታስፈቅጂ እንዳታወጪ» ብዬ ገባሁ። ይቅርታ የጠየቅኳት ቆይቼ ነው፤ ያውም ብቻዋን ጠርቼ፣ ሠራተኛው ሳይሰማ።

በኋላ ከተማው ከከፈታቸው የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት አንዱን ሄጄ አየሁ። ሰዉ ተሰልፎ ይበላል፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል፤ ነገም እንዳለ ያውቃል። የእኔ ግብዣ ላይ ሰው የሚሻማውና በኪሱ የሚከተው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። በግብዣው ጊዜ ግን ለፎቶ አንሺው «ስግብግብነታቸውን አታንሳብኝ» ብዬው ነበር።

አሁን የድስቱን ትርፍ ቤት ከመዘጋቱ በፊት ለብቻ አስወጥቼ በነፃ እሰጣለሁ። ችግሩ ገበያ በደራ ቀን ድስቱ ባዶ ይሆናል፤ ልጆቹ ደግሞ ቆመዋል። ወጥ ቤቷ «ለእነሱ ብለን ሽሮ እንጨምር?» ስትለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት የበርበሬውን ዋጋ ነው። ጨምሪ አልኳት፤ ግን ያሰብኩት እሱን ነው።

ሴትዮዋን አስፈልጌ ነበር። ልብስ እያጠበች እንደምትኖር ሰማሁ፤ ሰው ልኬ ብጠራት አልመጣችም። መጥታ ቢሆን ምን እንደምላት አላውቅም። ምናልባት ሥራ እሰጣት ነበር፤ ምናልባትም እንደ ልማዴ ፎቶ አንሺ እጠራ ነበር።

የምስጋና ወረቀቱን አውርጄዋለሁ። የግብዣዎቹን ፎቶዎች ግን እስካሁን አላወረድኩም። ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ከካሸሩ በስተቀኝ አሉ፤ ደንበኞች ይወዷቸዋል።