የሰረዝኳቸው 11 ስሞች

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ወረደ። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ውሃው የደረሰው ግን ከተማው በተኛበት ነው። ከ250 በላይ ሰው አለቀ።

እኔ "ጽሕፈቱ ጥሩ ነው" ተብዬ በአንድ ሰፈር የተጎጂዎችን መዝገብ ያዝኩ። ለመቋቋሚያ ከመንግሥት የሚሰጥ ገንዘብ ነበር። "ማስረጃ" የሚለውን ዓምድ ያሰመርኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። "ለዘመዱ ሰጠ" እንዳልባል ስለፈራሁ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል ያላመጣ አይጻፍም ብዬ ወሰንኩ። አስቀድሜ ከጻፍኳቸው ውስጥ 11 ሰው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ።

ከ11ዱ አንዷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ነበሩ።

"ልጄ፣ ወረቀቱም እኮ አብሮ ሄደ። ውላችንም የአፍ ነው። አከራዬን ጠይቀው፣ ጎረቤቶቼን ጠይቃቸው።"

"ደንብ ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

ደንብ አልነበረም። ዋሸኋቸው። ምንም ሳይመልሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

አከራያቸው ካርታው ዘመድ ቤት ተቀምጦለት ስለነበር ይዞ መጣ፤ ለ4 ክፍል ጻፍኩለት። ቤቱ ፈርሶበታልና ያገኘው ይገባዋል። ከክፍሎቹ የተጠረገው ምጣድ፣ ፍራሽና የልጅ ዩኒፎርም ግን የተከራዮቹ ነበር፤ ለእነዚህ ዕቃዎች የሚሆን መስመር በመዝገቤ ላይ አልነበረም። አንድ ምጣድ፣ ትንሽ ጤፍና ማገዶ ቢያገኙ እኚያ እናት በሳምንታቸው ገበያ ይወጡ ነበር። ይህን ለማስላት ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ግድግዳ ስቆጥር ሰው ሳልቆጥር ቀረሁ።

ኋላ በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ለዚያ የወጣው ብር ሁሉ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ደጋውን በእርከንና በዛፍ ለመሸፈን የሚወጣውም እንደዚያው። ነገር ግን ግንብ ዓመታት ይፈልጋል፤ ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው የሚያድረው ዛሬ ማታ ነው። የመጀመሪያው ብር በእጁ መግባት ያለበት ምንም ወረቀት ላልተረፈው ሰው ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ኮረብታ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲቀበር፣ ለማዳን የሮጡት ሳይቀሩ አፈር ሲውጣቸው ስሰማ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። እዚያስ ማን መዝገብ ይይዝ ይሆን አልኩ።

እኚያን እናት ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ዛሬ መዝገብ የያዛችሁ ልጆች፣ እባካችሁ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ሲመጣ 3 ጎረቤት አስመስክሩና ስሙን ጻፉት።