ጓሳ ላይ የማንን እንጀራ በላን?

እናንተዬ፣ ኪሱ የሳሳ መንገደኛ ሲያቅድ ጉድ ነው! አራት ነበርን፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ፒያሳ ቁጭ ብለን አንዷን ማኪያቶ ለሁለት እየተካፈልን «ጓሳ እንሂድ» ተባባልን። ጭላዳ እናያለን፣ ከቀናን ቀይ ቀበሮም እናያለን፣ ንጹሕ አየር እንስባለን፣ ምናምን። የመኪናውን ቀነስን፣ የማደሪያውን ቀነስን። ሆድ ላይ ስንደርስ ለአራት ሰው፣ ለሦስት ቀን የተረፈችን 1,200 ብር ብቻ ሆና ቁጭ አለች።

ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። «ይቺ አታደርሰንም» ብዬ አፌን ስከፍት ቀጫጫው ጓደኛችን ሳቀብኝ።

«ኧረ ምን ያስጨንቅሃል! መንዝ እኮ ነው። እዚያ አገር ደጃፍ የቆመ እንግዳ ይራባል እንዴ? ይጋብዙናል!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ጭምር። ያቺ ሳቅ ናት ይህን የምታስጽፈኝ።

መጀመሪያ ግን መንገዱን ላውራችሁ፤ ለናንተም ይጠቅማል። ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተነስቶ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሆድም ወዲያው ይጮኻል። እዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባ ልጅ የሚበላው፣ ማለቴ የሚበላበት! መኪናው የቆመበት ሆቴል ዘው ይልና ሥጋ ያዛል። እኛ የተከተልነው ረዳቶቹን ነው። ረዳት በየቀኑ የሚበላ፣ ኪሱንም የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱ ከገባበት ጓሮ ቤት ሽሮው ወፍራም፣ ሒሳቡ ቀጭን ነው። ለአራት ሰው አራት አታዙ። ሁለት ተጋቢኖ፣ እንጀራ ጭማሪ፣ በአንድ ትሪ። አገራችን ከብዙ አገር የሚሻልበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ትሪ ለስንት ሰው ቀረበ ብሎ የሚቆጣ አስተናጋጅ የለም።

አንድ ስህተት ግን ሠርተን ነበር። ፋሲካ ያለፈው ሚያዝያ 20 ነበርና ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። የጾም በያይነቱ የለመድነው እኛ በረቡዕ ቀን «በያይነቱ አለ?» ስንል ሰው አየን። ርካሽ ጉዞ የሚፈልግ ሰው የጾሙን ቀን መቁጠር አለበት። ምእመን ባይሆን እንኳ ኪሱ ይጾምለታል!

ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወጥተን ጣሊያን የቀደደው የጣርማ በር ዋሻ ጋ ሳንደርስ ከደሴው መንገድ ወደ ግራ ተገነጠልን። ከዚያ በኋላ ምግብ ቤት የሚባለውን ነገር ርሱት። ጉም፣ የድንጋይ አጥር፣ ባና የተከናነበ እረኛ፣ የመንዝ በግ። ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄ ብቻ ነው። መሃል ሜዳ ከመድረሳችሁ በፊት ሜዳው ሁሉ ጸጉር እንዳበቀለ ሆኖ ይታያችኋል። ያ ጸጉር ሣር ነው፤ ስሙ ጓሳ ነው፤ ቦታውም የሚጠራው በሱ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል።

የዚህ ሣር ታሪክ ለብቻው አንድ ገጽ ይፈልጋል። ላሳጥረው። ከ300 ዓመት በላይ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን ሲጠብቁ ኖረዋል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ ይመክሩና በበጋው ድርቅ ሲል ይከፈታል። ሐምሌ 5 ቀን፣ ሐምሌ አቦ ሲመጣ እንደገና ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ሰው በዚያ ሣር የከደነው ጎጆ ይቃጠልበት ነበር ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ። የአካባቢው ሰው ግን ሣሩን አልተወውም፤ ዛሬም ቦታው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሣር እንኳ ቆጥሮ የሚኖር ሕዝብ ዘንድ ነው እኛ «ይጋብዙናል» ብለን የሄድነው።

ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ አጠገብ ድንኳን ተከልን። ልብ በሉ፣ እዚያ የምታበስሉበት ቦታ እንጂ የሚሸጥ ምግብ አልነበረም፤ ስንቅ ይዞ መሄድ ግድ ነው። እኛም ይዘናል! ሩዝ፣ ድፍን ምስር፣ መኮሮኒ፣ አንዲት ትንሽ የነጭ ጋዝ ምድጃ። ከአዲስ አበባ ሱቅ በርካሽ የገዛን ብልጦች ነና።

ምስሩ አንድ ሰዓት ፈላ። አልበሰለም። ሁለት ሰዓት ፈላ። ከጥርስ ጋር ተጣላ። ሩዙ ውጪው ገንፎ፣ ውስጡ ጠጠር። ነገሩ የባለሙያ ማነስ አይደለም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውኃም ቶሎ ይፈላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ89 ዲግሪ ገደማ ነው። ይንተከተካል እንጂ አይግልም። ማታውን ነጭ ጋዛችን አለቀ፣ ምስሩም ጥሬ እንደሆነ አደረ።

ታዲያ የደጋ ሰው እንዴት ይበላል? በሶ! ገብሱ በምጣድ ታምሶ፣ ተፈጭቶ ያለቀለት ነው። ውኃ መፍላት አይጠብቅም፣ እሳት አይፈልግም። በቀዝቃዛ ውኃ ይታሻል፣ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ በጭብጥ ተጨብጦ ይጎረሳል። ጭብጦ ማለት እሱ ነው። ጃፓን የተማረች አንድ ዘመዴ ቶኪዮ ላይ ምግብ እሳት ሲሆንባት ቀንና ሌሊት ከማይዘጉት ሱቆች ኦኒጊሪ እየገዛች ትውል እንደነበር አጫውታኛለች፤ በእጅ ተጨምቆ በባሕር አረም ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ገበያ አዳራሾቹ ያልተሸጠውን የታሸገ ምግብ ዋጋ ቀንሰው ወረቀት ሲለጥፉበት ጠብቃ ትገባለች። ስሙም በነሱ ቋንቋ መጨበጥ ከሚለው ቃል ነው የመጣው አለችኝ። የነሱም ጭብጦ፣ የኛም ጭብጦ! እኛ አራቱ ግን ይህን እያወቅን አንድ ኪሎ በሶ አልያዝንም። «የገጠር ነው» ብለን ይሆናላ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ ጭላዳዎቹን ስናይ ቀናንባቸው ብላችሁ አትስቁ። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፣ ይጎርሳሉ። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። መሃላቸው ደግሞ አንዲት ቀይ ቀበሮ ቀስ ብላ ትንጎራደዳለች፤ አልሸሿትም። በ2007 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እዚሁ ጓሳ ላይ እንደቆጠረው፣ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆና አይጥ ስታድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናታል፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ከመቶ 25። ታዲያ ቀበሮዋ በመንጋው መሃል ስትውል የጭላዳን ግልገል እምብዛም አትነካም። የምትበላው የራሷን አይጥ ነው። ይህን የነገረን ጠባቂው ነው። ያኔ ለቀበሮዋ እንጂ ለኛ የተነገረ አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ ወረድን። አንዲት እናት ከደጃፋቸው ላይ ኩበት ሲያስገቡ አገኘናቸው። ሰላምታ ሰጠን፣ ውኃ ጠየቅን። ውኃ ስንጠይቅ ምን እየጠየቅን እንደሆነ እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ። ፊታችሁ እኮ አመድ መስሏል!»

የገብስ እንጀራ ቀረበ። የባቄላ ሽሮ፣ ድቁስ፣ አረራ። እንዴት እንደበላን አትጠይቁኝ። ቀጫጫው ጓደኛችን ብቻውን ሦስት እንጀራ! እሳቸው ቆመው «ብሉልኝ፣ በሞቴ» ይላሉ፤ እኛ እንበላለን። መሃል ላይ የአሥር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር አሉት፤ ሰፌድ ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሸፍኖ ተመለሰ። ምን እንደያዘ ማናችንም አላየን። ውጭው ስለመሸና ብርዱ ስለበረታ ማታውን እዚያው አሳደሩን፤ ያለችውን ባና ለሴቶቹ አለበሱ። ጠዋት ደግሞ ትኩስ ቂጣ።

ስንነሳ 200 ብር አውጥቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ? እንግዳ ይሸጣል እንዴ?»

ብሩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። «ተረፈች» አልኩ ለራሴ።

ልጁ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘን። ሴቷ ጓደኛችን ለወሬ ያህል «ትናንት በሰፌድ ምን ይዘህ መጣህ?» አለችው። ልጅ አይዋሽም።

«ዱቄት። የኛ አልቆ ነበር። እናቴ ከጎረቤት አስበደረችኝ።»

«መቼ ትመልሳላችሁ?»

«በልጉ ሲደርስ ነዋ።»

ዝም አልን። ግንቦት ማለት ያለፈው ዓመት ገብስ ጎተራ የሚላስበት፣ በልጉ ገና በማሳ ያለበት ወር ነው። ያውም ዝናቡ ከመጣ፣ ውርጭ ካልመታው። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብበን እናውቀው ነበር! እኛ የበላነው የእንግዳ ተቀባይ አገር ትርፍ መስሎን ነበር፤ የበላነው ብድር ነው። እኛ ደግሞ 200 ብራችንን አትርፈናል።

ክርክሩ እዚያው መንገድ ዳር ተጀመረ። ቀጫጫው «ብር አንወስድም አሉ፣ ምን እናድርግ? ባህላቸው ነው» አለ። ሴቷ ጓደኛችን ተናደደች። «ባህላቸው መስጠት ከሆነ ያንተስ ባህል ምንድን ነው? መብላት ብቻ?» አለችው። መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም፤ ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝና።

እዚህ ላይ ለናንተ የምለውን ልበል። ወደ ደጋ ስትወጡ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ፤ ጥራጥሬ ከያዛችሁ ክክ ወይም ዱቄቱን ያዙ፣ ሽሮ ቶሎ ይበስላል። ማብሰል ከፈለጋችሁ ነጭ ጋዝ ከምታስቡት እጥፍ ይሁን። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል ተብላችሁ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ያሞቃል፤ ሌሊቱን ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ጠዋት ራሳችሁን ስታሙ ለውኃና ለሻይ ታወጣላችሁ። ሰው ቤት ከገባችሁ ደግሞ ገና ሳትቀመጡ ቡናና ስኳር አስቀምጡ፤ እሱን «አይ» የሚል የለም፣ ጨዋ እንግዳ ይዞት የሚመጣ ነገር ነውና። እንቁላል ወይም ድንች ከፈለጋችሁ «ሽጡልን» በሉ፤ የተሸጠ ነገር ዋጋ አለው፣ የተጋበዛችሁት ግን ማን እንደከፈለው አታውቁም። የጠቀስኩት ብር ሁሉ የ2011 ነው፤ ዛሬ በዚያ ብር አስባችሁ ብትወጡ ደብረ ብርሃን ላይ ትቀራላችሁ። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አማራ ክልል ግጭት ውስጥ ገብቷልና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ ሻንጣ አታንሱ።

እኛስ? ልጁን ይዘን በመጣችው መኪና መሃል ሜዳ ገባን። አንድ ኪሎ ቡና፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ስድስት ኪሎ የገብስ ዱቄት ገዛን። ብራችን ለመኪና ብቻ ቀረች። እኔና ሴቷ ጓደኛችን ከልጁ ጋር ተመለስን።

እናቲቱ ከነሸክማችን ሲያዩን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቡናውን ተቀበሉ፣ ስኳሩን ተቀበሉ፣ መረቁን። ዱቄቱ ላይ ሲደርሱ ከረጢቱን አዩት፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩት። ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ነገራችሁ ማለት ነው» አሉ።

ዝም አልን።

«እንግዲህ እኔ አልቀበለውም። ከኔ ቤት በልታችሁ ለኔ አትመልሱም። ያቺ ቤት ትታያችኋለች? ዋርካው አጠገብ... ኧረ ምን ዋርካ አለ እዚህ፣ ያ ድንጋይ አጠገብ» ብለው ራሳቸው ሳቁ። «የኔን ብድር ለሷ አድርሱልኝ። ማን ሰጣችሁ ብትላችሁ እኔ ነኝ በሉ።»

ዱቄቱን ተሸክመን ወደ ድንጋዩ ሄድን። ጎረቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ከታች እስከ ላይ አዩንና የጠየቁን መጀመሪያ ስለ ዱቄቱ አልነበረም።

«ምሳ በልታችኋል?»

«በልተናል» አልን፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ። ከጠዋቷ ቂጣ ወዲህ እህል አልቀመስንም ነበር። ማታ አዲስ አበባ እስክንገባ የጠበቀን አንድ ኪስ ቆሎ ነው፤ ለአራት ተካፈልነው።