ከሀ እስከ ሆ

በአውበሬ ከተማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የገጠመንን ትንሽ ነገር ለአንባቢ ለማካፈል ብንነሣ፥ ነገሩ የአንዲት ቁጥር ጉዳይ ስለ ሆነ «ይህስ አያስጽፍም» የሚለን ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ያቺ ቁጥር በአንድ ወጣት ፊት አሳፍራናለችና በዝምታ ልናልፋት አልወደድንም።

ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል የነበረችው አውበሬ ከጅጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደ ድንበሩ የተጠጋች ከተማ ናት። ፀሐዩ በርትቶ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ በተጠጋበት ሰዓት፥ ወጣቱ የተዋሰውን ኮምፒውተር ታቅፎ እኛ ወደ ተቀመጥንበት ሻይ ቤት ገባ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ወሬ ሰምቶ ፕሮግራም መጻፍን በራሱ መለማመድ የያዘ ልጅ ነው።

«መዓሊን» አለን፤ በሶማልኛ መምህር ማለት ነው፤ «ኮምፒውተሩን ማታ ለባለቤቱ መመለስ አለብኝ። ይህ ነገር ዛሬ ካልተቃናልኝ ግን ሁለተኛ አልዋሰውም። ለእኔ የተሰጠ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።»

ያሰበው፥ አማርኛን ዘንድሮ ለጀመረች ታናሽ እኅቱ የፊደል ገበታን በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ለማሳየት ነበር። ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የሶማሊያ መንግሥት ይህን ፊደል የመረጠው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በዚያ ፊደል ማንበብ ለተማረችው ልጅ ሀ ሁ እንግዳ ነው።

እንደሚታወቀው ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መዝገብ የገባው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ የሀ ቁጥር 4608፥ የሁ 4609 እያለ እስከ ሆ 4614 ይደርሳል። እንግዲህ ሰባቱን ፊደላት አንድ በአንድ በመጻፍ ፈንታ፥ «በ4608 ላይ ተራ ቁጥሩን እየደመርህ ፊደሉን አሳይ፤ ይህንኑ ድገም» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ሉፕ የሚሉት ይህን ነው። ልጁም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ1 እስከ 7 እንዲደግም አዘዘ። የወጣለት ግን ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብቻ ሆነ። ሀ የለችም።

እኛም መነጽራችንን አስተካክለን፥ «ፓይተን እስከ 7 ስትለው 7ን አይጨምርም፤ ስለዚህ ስድስት ጊዜ ብቻ ደገመልህ» አልንና እጃችንን ሰድደን 7ቱን 8 አደረግነው። እውነትም ፊደላቱ ሰባት ሆኑ፤ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ሇ። ሀ እንደ ጠፋች ቀርታ ማንም ያልጠራት ሇ በመጨረሻ መጣች።

ልጁ መስኮቱን ጥቂት ተመለከተና፥ «መዓሊን፥ የጠፋችው እኮ የመጀመሪያዋ ናት፤ እርስዎ የነኩት ግን መጨረሻውን ነው» አለን።

ብዙ ዘመን ላስተማረ ሰው «ተሳስተናል» ማለት አንደበት ይይዛል። የሆነ ሆኖ አልነው። ከዚያም ኮምፒውተሩን ወደ እርሱ መልሰን፥ እጃችን ዳግመኛ እንዳይቸኩል ከጠረጴዛው በታች አኖርነው። ከደጅ ሰባት ጠጠር ለቅሞ እንዲመጣ ነግረን፥ «አሁን ኮምፒውተሩ አንተ ነህ፤ ተራ ቁጥሩን እየጠራህ ደምር፤ ለእያንዳንዱም አንድ ጠጠር አኑር» አልነው።

«አንድ፤ 4609፤ ሁ» አለና ጠጠሩን እንደ ያዘ ቆመ። «ሀ 4608 ከሆነች የማገኛት ምንም ሳልደምር ነው» ብሎ ዝም አለ። እኛም መልሱ ከምላሳችን ጫፍ ደርሶ ሳለ ዝም አልን፤ ያች ዝምታ ከፀሐዩ ይልቅ ከበደችን።

«ከዜሮ ልጀምር?»

«ጀምር።»

1ን ወደ 0 ለወጠ፤ እኛ ያበላሸነውንም 8 ወደ 7 መለሰ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ።

ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ቁጥር ከዜሮ ቢጀምርና መጨረሻውን ባይጨምር እንደሚሻል በ1982 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጽፏል፤ 7 ሲቀነስ 0 ያው ሰባት ነውና ልኩ በግልጽ ይታያል። የሰው ልማድ ግን ሌላ ነው። እኛ ራሳችን ሰባቱን ቀን ሳምንት የምንለው ከእሑድ እስከ እሑድ ሁለቱንም ጫፍ ቆጥረን ስምንት ስለምናደርግ አይደለምን? ልጁን ያሳተችው «እስከ» እኛንም ስታስት የኖረች ቃል ናት።

ወጣቱ በዚህ አልቆመም። ወደ ለ ቤት ለማለፍ በ4608 ላይ 7 ጨመረ፤ ያቺ ሇ በረድፉ ራስ ላይ ተመልሳ ብቅ አለች። ሳቀ። ልንናገር አፋችንን ስንከፍት እርሱ ወደ ደጅ ወጥቶ ስምንተኛ ጠጠር ይዞ ተመለሰ። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስፍራ መስጠቱን፥ ለም 4616 መሆንዋን ማንም ሳይነግረው አገኘ።

ሲመሽ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ባለቤቱ ሄደ። ለነገም እንዲያውሰው እንደሚለምን ነግሮን ነበር፤ ጠጠሮቹን ግን በኪሱ ይዟቸው ሄደ።